ሁለት ቀን ውሃ ገድቤ ያጣሁትን ቀዳዳ ያገኙልኝ ልጆች

እውነቱን ልናገር፣ የጣሪያ ቀዳዳ በመሣሪያ የሚፈልጉትን ልጆች ስጠራቸው አላመንኳቸውም ነበር። «ሽቦ እንዘረጋለን፣ ውሃ እንረጫለን፣ ቀዳዳው ያለበትን በኤሌክትሪክ እናሳይሃለን» ሲሉኝ በሆዴ ስቄያለሁ።

የሳይት ሱፐርቫይዘር ነኝ። 200 ካሬ የሚሆን ጠፍጣፋ ጣሪያ አለን። ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ላይ በእሳት የሚለጠፍ የ4 ሚሊ ሜትር የሬንጅ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አንጥፈናል። ከላዩ ስክሪድ (የሲሚንቶና አሸዋ ንጣፍ) ስለሚፈስበት፣ ሳይሸፈን በፊት በለመድነው መንገድ ፈተሽነው። የውሃ መውረጃዎቹን ደፈንን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞላን፣ 48 ሰዓት ተውነው። ኤኤስቲኤም ዲ5957 የተባለው የአፈታተሽ ደንብ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ስለሚል መሃሉን መያዛችን ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ግን 10 ቶን ውሃ ነው። ስትራክቸራል ኢንጂነሩን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከታች ሆኜ ሽቅብ ሳይ፣ የሶሌታው ሆድ ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት። ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ውሃውን ለቅቀን፣ ከእርጥበቱ ትክክል በላይ ያለውን ሜምብሬን በእጃችን ዳበስነው። ምንም የለም። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በማንኪያ ጫፍ ነካካን። ድርቅ ብለው ተጣብቀዋል። ውሃ አንዴ ሜምብሬኑ ሥር ከገባ በኮንክሪቱ ላይ እንደልቡ ይንሸራሸራል፤ ወደ ታች የሚወርደው ስንጥቅ ያገኘበት ቦታ ላይ ነው። ፎርማኑ «አለቃ፣ ሌላ ድርብ አልብሰነው እንገላገል» አለኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልጆቹ ሁለት ሆነው መጡ፣ ያውም አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው። ጣሪያውን ዙሪያውን በባዶ ሽቦ ከበቡት። ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው መሣሪያቸው የወጣውን አንዱን ገመድ ከሽቦው፣ ሌላውን ከሶሌታው ፌሮ ጋር አገናኙት። ከዚያ ሜምብሬኑን በውሃ አራሱት። ነገሩ ቀላል ነው። ሜምብሬኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እርጥብ ኮንክሪት ግን ያስተላልፋል። ቀዳዳ ካለ፣ በላይ ያለው ውሃ በዚያች ቀዳዳ በኩል ከሶሌታው ጋር ይገናኛል። ኃይሉም ወደዚያው ይሮጣል።

አንደኛው ሁለት ዘንግ ይዞ እየተራመደ እርጥቡን ሜምብሬን ይነካል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው መለኪያ ቀስቱ ወደ ግራ ሲያጋድል ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ቀስቱ ድንገት ወደ ኋላ ተገለበጠ። «አልፌዋለሁ» አለና ግማሽ እርምጃ ተመለሰ። ተንበርክኮ በጣቱ አፈሩን ጠረገ። በጠመኔ ከበበው። የሚስማር ራስ የማታህል ቀዳዳ! የመሰላል እግር ያረፈበት ምልክት አጠገብ ናት፤ የፌሮ ቁራጭ ከሥሩ ኖሮ ወግቷት መሆን አለበት። ከእርጥበቱ ስንት ሜትር ራቀች? አራት።

ሁለተኛ ምልክት ከአንድ የብረት ቱቦ ሥር ተገኘ። እሷ እንኳ የውሸት ነበረች። ቱቦው ራሱ ከሶሌታው ጋር ስለተያያዘ ኃይሉን ይስባል። ዙሪያውን በትንሽ ሽቦ ሲከቡት ቀስቱ አርፎ ተቀመጠ። ልጁ ይህን ሳልጠይቀው አስረድቶ ማሳየቱን ወድጄለታለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በከንቱ አስቀድዶ ያስለጥፈኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ፓራፔቱ (የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው አጭር ግድግዳ) ላይ የወጣው ሜምብሬን የሚፈተሸው በሌላ መሣሪያ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው የመዳብ ብሩሽ፣ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ብልጭ የሚል። እሱ ደግሞ የሚሠራው በደረቅ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ጣሪያውን ሁሉ ካራሱት በኋላ «ፓራፔቱ ነገ» ይባላል? ከደረቁ ጀምረው ወደ እርጥቡ ቢሄዱ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ከመምጣታቸው በፊት የሜምብሬኑን ዓይነት አለመጠየቃቸውም አልተመቸኝም። የእኔ ሬንጅ ሆነና ተረፍኩ። ጥቁሩ የኢፒዲኤም ጎማ ቢሆን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባ ነበር። ሜምብሬናችሁ በኮንክሪት ፋንታ በኢንሱሌሽን (በሙቀት መከላከያ) ላይ ከተነጠፈም ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መነጠፍ አለበት። ይህን ሳታነጥፉ አትጥሯቸው።

ሪፖርታቸው ደግሞ አንድ ገጽ ከሦስት ፎቶ ጋር። ከየትኛው ማዕዘን በስንት ሜትር ርቀት እንደሆነ አልተጻፈም። ሜትር አውጥቼ ራሴ ለካሁ።

ያም ሆኖ የጣሪያው ፍለጋ አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ፓራፔቱ በማግስቱ ንጹህ ወጣ። ቀዳዳዋን ለጥፈን ያንኑ ቦታ በድጋሚ ሲያረጥቡት ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ መለኪያውን አየና «እስቲ የምድር ቤቱንም ይዩልን» አለ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ፓራፔት ስለሌለው ቅደም ተከተሉ አያጣላንም።