የልዕልት ሜሪ የገና ሣጥን፦ የአንድ የጦር ሜዳ ስጦታ ግምገማ

ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁት ይህ የናስ ሣጥን 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመት፣ ለዋለው ገና ለብሪታኒያ ወታደሮችና መርከበኞች እንዲታደሉ ከተሠሩት አንዱ ነው። በክዳኑ መካከል የብሪታኒያ ንጉሥ የጆርጅ አምስተኛ ልጅ የሆነችው የልዕልት ሜሪ የጎን ገጽታ በሎሬል ቅጠል አክሊል ተከቦ ተቀርጿል፤ በዳርና ዳሩ የብሪታኒያ የጦር አጋሮች የነበሩት የፈረንሳይ፣ የሩሲያ፣ የቤልጅየም፣ የጃፓን፣ የሰርቢያና የሞንቴኔግሮ ስሞች ሰፍረዋል፤ ከታች ደግሞ «ገና 1914» ይላል። የቀድሞ ባለቤቱ አብዝቶ ሳይወለውለው አልቀረም፤ የልዕልቲቱ አፍንጫ ከጉንጯ ጋር ሊስተካከል ትንሽ ነው የቀረው። ክዳኑ ግን አሁንም ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ማጠፊያውም አልላላም።

ልዕልቲቱ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ስጦታውን ከግል ገንዘቧ ለመሸፈን ብታስብም ወጪው የሚቻል ስላልነበረ፣ በጥቅምት ወር ለሕዝብ ጥሪ ቀርቦ ከ162,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ የይዘቱ አመራረጥ ነው። ለሚያጨስ ወታደር ፒፓ፣ ትምባሆ፣ 20 ሲጋራና መለኮሻ ተመደበለት፤ ለማያጨሰው ከረሜላ እንዲሁም ወረቀት፣ ፖስታና እርሳስ የያዘ የደብዳቤ መጻፊያ ተዘጋጀለት። ሃይማኖታቸው ትምባሆ የሚከለክላቸው የሕንድ ሲክ ወታደሮች ከረሜላና በቆርቆሮ የታሸገ ቅመም፣ ነርሶች ደግሞ ቸኮላት እንዲደርሳቸው ተደረገ። ለመቶ ሺዎች የሚታደል ስጦታ «ለሁሉም አንድ ዓይነት ይበቃል» ተብሎ ቢዘጋጅ ማንም ባልተቆጣ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ መጠየቃቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሣጥኑ ውበት ይበልጣል።

ትልቁ ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። በገና ዕለት የደረሰው ወደ 355,000 ለሚሆኑ ሰዎች ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ የታደለው ግን ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነው። ናስ ለጥይትና ለመድፍ ቀለህ ይፈለግ ስለ ነበር እጥረት ተፈጠረ፤ ከአሜሪካ ከታዘዘውም 45 ቶን ያህሉ በግንቦት 1915 ከሰመጠችው ሉሲታኒያ ከተባለችው መርከብ ጋር ባሕር ውስጥ ቀረ። መለኮሻውም አልበቃ ብሎ በሌሎች ዕቃዎች ተተካ። ከገና በኋላ ለደረሳቸው ወታደሮች ከስጦታው ጋር የነበረው የመልካም ምኞት ካርድ የሚመኝላቸው ገናን ሳይሆን ድል የተሞላበት አዲስ ዓመት ነበር። (በእኛ የቀን አቆጣጠር ቢሆን የፈረንጆቹ ጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት እንኳ ለገና ይደርስ ነበር።) ዘግይተው የተሠሩት ሣጥኖች የብረት ጥራትም ከመጀመሪያዎቹ ያንሳል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው በገበያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ሣጥን ነው፤ ትምባሆው ተጨሶ ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ ለትንንሽ ዕቃ ማስቀመጫ አድርገውታል ወይም ለቤተሰባቸው ልከውታል። ሙሉ ይዘት ያለው እጅግ ውድ ስለሆነ፣ በኋላ ዘመን የተሠራ ፒፓ ወይም ካርድ ጨምረው የሚሸጡ አሉ። ባዶውንና የተፋቀውን መርጦ የሚገዛ ሰው ግን ዕቃው በዋጋው ልክ እንደሆነ ያገኘዋል።