ፕሮቶን ወይስ ኒውትሮን? የሲሊከን ዳሳሽ ፈተና

ለሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) የሚሠራ የሲሊከን ዳሳሽ (ቅንጣት ሲያልፍበት የሚያስተውል ስስ ቁራጭ) ጨረር መቋቋሙ ቀድሞ ይፈተናል። የት? በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ባለው ሳይክሎትሮን (ቅንጣት አፍጣኝ ማሽን) ወይስ በስሎቬንያ፣ ሉብሊያና ባለው የኒውክሌር ሪአክተር?

ሳይክሎትሮኑ፦ 27 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ያለው ፕሮቶን ይተኩሳል። ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ ዳሳሹ ከፊቱ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ማቀዝቀዣ ሳጥን ግድ ነው። ሲሊከን ሲሞቅ ጨረሩ ያደረሰበት ቁስል መሻር ይጀምራል፤ ያኔ ውጤቱ ያታልላል። ወፍራም ነገር ላይ ግን አይሆንም፤ ፕሮቶኑ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሪአክተሩ፦ 250 ኪሎዋት፤ የሚሰጠው ኒውትሮን ነው። ናሙናውን መክተት ነው፣ አለቀ። ብር ወይም ታንታለም ካለበት ግን ናሙናው ራሱ ጨረር አመንጪ ሆኖ ይወጣል። እስኪቀንስ መጠበቅ ነው፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው መከራ።

የክሪስታሉን ጉዳት ብቻ ለማየት ሪአክተሩ ይቀላል። የቺፑ ወይም የኦክሳይድ ሽፋኑ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ስስ ንጣፍ) ነገር ካሳሰበ ሳይክሎትሮኑ ይሻላል፤ ፕሮቶን ሲያልፍ ኤሌክትሮን እየነቀለ ነው።