ስምንት ወር ከተንደርበርድ የስፓም ማጣሪያ ጋር

ኢሜሌን የማነበው በጆሮዬ ነው፤ የምጠቀመውም ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜል ፕሮግራም ነው። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፤ ላፕቶፔ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ። የሚያይ ሰው ሃምሳ ርዕስ በአንድ እይታ ገረፍ አድርጎ ያልፋል። እኔ አንድ በአንድ ነው የምሰማው። አሥር ስፓም፣ ማለትም ያልጠየቅኩት የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ ኢሜል፣ ገባ ማለት ቡና ሳልጠጣ አሥር ጊዜ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አሸንፈዋል!» ተባልኩ ማለት ነው።

ስፓም ላኪዎች ደግሞ አንድ ተንኮል አላቸው። ማጣሪያውን ለማደናገር ነጭ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ይደብቃሉ። ለዓይን አይታይም፤ ስክሪን ሪደር ግን ያነበዋል። አንድ ቀን በመድኃኒት ማስታወቂያ መሃል ስለ ፈረስ ኮርቻና ስለ ዓሣ ጥብስ ሲለፈልፍልኝ ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ በፊት በየወሩ የምከፍልበት ማጣሪያ ነበረኝ። ስሙ ይቅር። ስፓም በመያዝ በኩል ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ነገር ግን የያዘውን የሚያስቀምጠው በራሱ ድረ ገጽ ነው። ገጹን ስከፍተው የምሰማው «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ። የቱ «ልቀቅ»፣ የቱ «አጥፋ» እንደሆነ አይናገርም። በግምት አንዱን ስጫን፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ የሚል ካፕቻ (ሰው መሆንህን የሚያጣራ ፈተና) መጣ። ታናሽ እህቴን ጠራኋት። ከታገቱት መሃል የብድሬ ደብዳቤም ነበረበት። «ይሄን ያህል ነው እንዴ ያለብህ?» አለች። በስህተት የታገተብኝና ገጹን የከፈትኩለት የሥራ ጥሪም ተገኘ፣ ከ9 ቀን በኋላ። ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ማጣሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ተለወጠ። ስንት ይይዛል ሳይሆን፣ በስህተት የያዘውን ማንንም ሳልጠራ አስለቅቃለሁ ወይ?

ተንደርበርድ እዚህ ላይ ልቤን ገዛው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ማጣሪያው አብሮት ይመጣል። መልእክቱ ላይ ቆሜ የጄ (J) ቁልፍን ስጫን «ይሄ ስፓም ነው» ማለቴ ነው። ሺፍትን ይዤ ጄን ስጫን «አይደለም፣ ተሳስተሃል» ማለቴ ነው። ድረ ገጽ የለ፣ ካፕቻ የለ። የተያዙት የሚገቡበት ፎልደርም እንደ ሌላው ፎልደር ነው፤ በቀስት እወርዳለሁ፣ ላኪውንና ርዕሱን እሰማለሁ፣ አልፋለሁ። የማልፈልጋቸውን ዓምዶች ከዝርዝሩ ስላወጣኋቸው መጠንና ቀን አያነብብኝም።

ማጣሪያው ከተጠቃሚው ነው የሚማረው። በስፓምና በጤነኛ ደብዳቤ ውስጥ የሚደጋገሙትን ቃላት እየቆጠረ ዕድሉን ያሰላል። ስለዚህ መጥፎውን ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ የደንበኞቼን ደብዳቤዎች በሺፍትና ጄ «ደህና ናቸው» እያልኩ ሁለት ሳምንት አስተማርኩት። አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ደግሞ ጃንክ የሚለው ክፍል አለ። እዚያ አድራሻ መዝገቤ ላይ ያለ ሰው በስፓም እንዳይፈረጅ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ መመዝገብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጂሜል አድራሻ ካላችሁ ከተንደርበርድ በፊት የጂሜል የራሱ ማጣሪያ ይሠራል። እሱ ስፓም ብሎ ያስቀመጠው ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። ደግነቱ በአይማፕ (ኢሜሉን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ከነፎልደሮቹ በሚያሳየው መንገድ) ከተገናኛችሁ ያ ፎልደር ተንደርበርድ ውስጥ ይታያል። እኔ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሁለቱንም እፈትሻለሁ፤ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ለባንክ አስመሳዮች ግን የትኛውም ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም። ሊንክ ላይ ቆሜ የኤንቪዲኤን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ኢንሰርት ነው) ይዤ ኬን (K) ስጫን ሊንኩ የት እንደሚወስድ ይነግረኛል። ካጠራጠረኝ አድራሻውን ፊደል በፊደል እሰማለሁ። ባለፈው ወር «ኦ» መሆን ያለበት ቦታ ላይ «ዜሮ» ሲል ሰምቼ ጄን ተጫንኩ።

የቀረኝ ስልኬ ነው። ተንደርበርድ ያስተማርኩትን የሚያውቀው ላፕቶፑ ላይ፣ ያውም ክፍት ሲሆን ነው። ስልኩ ይህን ሁሉ አልተማረም፤ ሎተሪ በወጣ ቁጥር ይጮህ ነበር። የኢሜል ማሳወቂያውን ዘግቼዋለሁ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ይደውል።