የምሽት አፋን ኦሮሞ ኮርስ በደብረ ብርሃን፦ አጀማመሩ ጥሩ፣ ሞጁሉ ግን ይቀረዋል

አንድ የደብረ ብርሃን የቋንቋ ማሠልጠኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች ያዘጋጀው ኮርስ ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ይሰጣል፤ በድምሩ 48 ሰዓት። የሚመዘገበው በብዛት ወደ ሰንበቴና ከሚሴ የሚመላለስ ነጋዴና የጤና ባለሙያ ነው። በ48 ሰዓት ሰላምታ፣ ዋጋ፣ አቅጣጫና የሕመም ጥያቄ በደንብ ይያዛል። “በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገራሉ” የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ከሌሎች የሚለየው ሞጁሉ ከመጻፉ በፊት ተመዝጋቢዎች አንድ ገጽ ቅጽ መሙላታቸው ነው፦ ከማን ጋር ነው የምታወሩት? የት? ምን ልትሉ? በዚህ ምክንያት ዋጋ መጠየቅ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መጥቷል። በተለመደው አሠራር ቢሆን ተማሪው አንድ ወር ሙሉ የግስ ሠንጠረዥ ሲያነበንብ ይቆይ ነበር።

የቁጥሩ ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጣል። በአፋን ኦሮሞ መቶው ይቀድማል፣ ብዛቱ ይከተላል፤ “ዺባ ሰዲ” ሦስት መቶ ነው። አማርኛ የለመደ ጆሮ ግን “መቶ ሦስት” ብሎ ይሰማዋል። በሺም ያው ነው፤ “ኩማ ሰዲ” ሦስት ሺ እንጂ ሺ ሦስት አይደለም። ገበያ ላይ ይህ ስህተት ጠብ ያስነሳል። ሞጁሉ ሻጭና ገዢ እያደረገ በጥንድ ያለማምዳል፣ ዋጋውን የሰማው ሰው ወዲያው በአሃዝ ይጽፋል፣ ስህተቱ እዚያው ይታያል። እንዲህ ያለ ልምምድ የሚያወጣ ሰው የተማሪውን ቋንቋም ያውቃል ማለት ነው።

የ“ን” ነገር ግን ተዘሏል። “ጫልቱን ቶላ ዋምቴ” ሲባል የጠራችው ጫልቱ ናት። አማርኛችን ግን “ን”ን ለተጠሪው ስለሚሰጥ ቶላ ጫልቱን የጠራት ይመስለናል። በአፋን ኦሮሞ “ን” የምትለጠፈው ባለቤቱ ላይ ነው። አንድ ገጽ ማብራሪያና አሥር ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ሳይነገራቸው የቀሩት ሰዎች ስድስተኛው ሳምንት ላይ ማን ምን እንዳደረገ እያምታቱ ነው።

ትልቁ ጉድለት የአፋን ኦሮሞ ቃላቱ ሁሉ በአማርኛ ፊደል መጻፋቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው የሚከፈለው ኋላ ነው። አፋን ኦሮሞ አምስቱን አናባቢዎች አጭርና ረጅም አድርጎ ይለያል፣ ቋንቋው የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ረጅሙን ሁለቴ በመጻፍ ያሳየዋል፤ መሬት ማለት የሆነውና ለስላሳ ማለት የሆነው ቃል የሚለዩት በአናባቢው ርዝመት ብቻ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ማጥበቅንም አያሳይም፤ በአማርኛ ከልማድ እናውቀዋለን፣ በማናውቀው ቋንቋ ግን ከየት እናምጣው? ቁቤን ማንበብ ለአዋቂ ከባድ አይደለም፤ የላቲን ፊደል የሚያውቅ ሰው የሚደናገርባቸው ጥቂት ናቸው። “ሲ” ጨ፣ “ኤክስ” ጠ፣ “ኪው” ቀ ሆነው ይነበባሉ፤ “ዲ”ና “ኤች” ተጣምረው ዸ ናቸው። ለዚህ ሁለት ምሽት ቢመደብ የሚቀጥሉት አሥራ አንድ ሳምንታት ይድኑ ነበር።

ለጤና ባለሙያዎቹ ደግሞ “መቃን ኬ ኤኙ?” ብቻ ነው የተሰጠው። ይህ “ስምህ ማን ነው?” ነው። ለአዛውንት ታካሚ “መቃን ኬሳን ኤኙ?” ማለት ይገባል። አንቱታን ለሚያውቅ አማራ ይህን ለማስተማር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ድምፅ ቅጂዎቹ በቴሌግራም ይላካሉ። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው፣ በጣምም ዝግ ብሎ ይናገራል። የከሚሴው የወሎ አነጋገር አንድም የለበትም፤ ለሰንበቴ ነጋዴ ግን ዋናው ያ ነበር። በአንድ ክፍል ሠላሳ ሰው ስለሚቀመጥ፣ መምህሩ አንድ በአንድ ሲጠይቅ አንድ ሰዓት ለሰው ሁለት ደቂቃ ይደርሳል። በጥንድ የሚሠራበት ምሽት ግን ግማሹ ክፍል በአንዴ ያወራል።

የማጠቃለያ ፈተናው ምርጫ ያለው የወረቀት ጥያቄ ነው። ንግግር አስተምሮ በወረቀት መፈተን ተማሪውን ወደ ሽምደዳ ይመልሰዋል። የአምስት ደቂቃ የቃል ፈተና፣ ማለትም ዋጋ ተከራከር፣ ሕመምተኛ ጠይቅ፣ መንገድ አሳይ፣ ይበቃው ነበር።

ክፍያው ከሌሎች የምሽት ኮርሶች ብዙ አይርቅም። መብራት ሲጠፋ የሚካካስ ክፍለ ጊዜ መኖሩን ግን ሳትከፍሉ ጠይቁ። ከተቻለ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያለውን ምድብ ያዙ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከዚያ በኋላ ብዕር አያስይዝም።

ለነጋዴ ይህ አንደኛው ደረጃ ይመከራል፤ ቁቤውን ግን ቀድማችሁ ራሳችሁ አጥኑ። ሁለተኛው ደረጃ እስካሁን የራሱ ሞጁል የለውም፤ የአንደኛው ፎቶ ኮፒ ላይ የግስ ሠንጠረዥ ተጨምሮበት ነው የሚሰጠው። አዲስ ሞጁል እስኪወጣ አትመዝገቡበት።