«ኦሪጅናል ነው» የተባላችሁትን የፎቶ መጽሐፍ ሳታገላብጡ ብር እንዳትልኩ

የፎቶ መጽሐፍ ለምትሰበስቡና ለምትወዱ ሁሉ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች «የመጀመሪያ እትም»፣ «ኦሪጅናል»፣ «ገበያ ላይ የሌለ» እየተባሉ የሚሸጡ የፎቶ መጻሕፍት በዝተዋል። ዋጋቸው የዋዛ አይደለም። እውነተኛ የሆኑ አሉ። ስካን ተደርገው የታተሙ ኮፒዎችም አሉ። ትናንት ከማተሚያ ቤት ወጥተው በብርቅዬ መጽሐፍ ዋጋ የሚቸበቸቡም አሉ። አንድ የማውቀው ወጣት ፎቶ አንሺ ከሁለት ወር ደመወዙ በላይ ከፍሎ የገዛውን አምጥቶ አሳየኝ። ካየሁት በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሻጩን ስም አላነሳም። እንደሱ የሚሠሩት ብዙ ስለሆኑ አሠራራቸውን ማወቁ ይበልጣል።

መጽሐፉ «ኢትዮፒያ ፎቶግራፍድ» ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ አዘጋጅተውት በ1996 ለንደን ላይ የታተመ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1867 እስከ 1935 ድረስ በአገራችን የተነሱ ፎቶዎችን ይዟል። የድሮ ፎቶ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቤቱ ቢኖረው ደስ የሚለው መጽሐፍ ነው። አጭበርባሪዎችም ዓይናቸውን የጣሉበት ለዚሁ ነው።

ልጁ ያመጣው ኮፒ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይልም። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ጥራዙም ጠንካራ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሲገለጥ ነው። ሁለቱ ገጾች በሚገናኙበት መሃል ላይ ጥቁር ጥላ አለ። ኦሪጅናሉ ስካነር ላይ ሲደፋ መሃሉ በደንብ ስለማይተኛ የተፈጠረ ጥላ ነው፤ እሱም አብሮ ታትሟል። እዚያ አካባቢ ያሉት የጽሑፍ መስመሮችም ጎበጥ ብለዋል። ወደ መጨረሻው አንድ ገጽ ላይ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ። እውነተኛ ማኅተም ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ አንዳንዴም ከጀርባ በኩል ይታያል። ይሄኛው ግን ግራጫ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ፎቶዎቹ በነጠብጣብ የተሠራ ነው። ስካን የተደረገው የቤተ መጻሕፍት ቅጂ ነው ማለት ነው።

ከሁሉም ያሳዘኑኝ ፎቶዎቹ ናቸው። ጥቁሩ ጥቁርነቱን አጥቶ ግራጫ ሆኗል። የመኳንንቱ ካባ ላይ ያለው ጥልፍ ተድበስብሷል። ሸማው ላይ ደግሞ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ መስመር ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጽሐፍ ላይ የታተመ ፎቶ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። እነዚያን ነጠብጣቦች ስካን አድርጎ እንደገና በነጠብጣብ ሲያትሟቸው ሁለቱ ይጋጩና ያ መስመር ይፈጠራል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ በስልካችሁ በጣም አቅርባችሁ አንሱና አጉልታችሁ እዩት። ሻጩ «ፎቶው የድሮ ስለሆነ ነው የደበዘዘው» ይላችኋል። አትመኑት። በዚያ ዘመን እንደ ፊልም በሚያገለግሉ ትልልቅ የመስታወት ሰሌዳዎች ላይ የተነሱ ፎቶዎች የዝርዝራቸው ጥራት ዛሬም ያስደንቃል። የደበዘዘው የእሱ ኮፒ ነው።

ሁለተኛው ማታለያ ረቀቅ ያለ ነው። መጽሐፉ እውነተኛ ሆኖ ውሸቱ ዕድሜው ላይ ነው። ለምሳሌ የፎቶ አንሺው የሮበርት ፍራንክ «ዘ አሜሪካንስ» አለ። ፍራንክ በ1955 ጉገንሃይም ከተባለው ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶ አሜሪካን በመኪና ዞረ። ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ አነሳ፤ መጽሐፉ ውስጥ የገቡት ግን 83 ብቻ ናቸው። በ1958 መጀመሪያ የወጣው ፓሪስ ውስጥ፣ በሮበር ዴልፒር አሳታሚነት፣ በፈረንሳይኛ ነው። ቀጥሎ 1959 የሚል ዓመት ይዞ የአሜሪካው የግሮቭ ፕሬስ እትም መጣ። የአሜሪካዊው ደራሲ የጃክ ኬሩዋክ መግቢያ ያለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ «የ1958 የመጀመሪያ እትም፣ የኬሩዋክ መግቢያ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ሁለቱ የተለያዩ እትሞች ናቸው።

መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። የጀርመኑ አሳታሚ ሽታይድል በ2008 ያወጣው እትም ፍራንክ ራሱ በሕይወት እያለ የተሳተፈበት ነው። ሲወጣ ዋጋው 40 ዶላር ገደማ ነበር። በጣም ያማረ ሥራ ነው፤ ፎቶውን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ። ድጋሚ እትም መግዛት ምንም ነውር የለውም። ነውሩ ድጋሚ እትምን በመጀመሪያ እትም ስም መሸጥ ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ መጽሐፉን ስታነሱ መጀመሪያ የቅጂ መብት ወደተጻፈበት ገጽ ሂዱ። አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት አልነበረም። «የ1958 ነው» የተባላችሁት መጽሐፍ ላይ ያ ቁጥር ታትሞ ካገኛችሁ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ቁጥሩ እስከ 2006 መጨረሻ ድረስ ባለ 10 አሃዝ ነበር፤ ከ2007 ጀምሮ ባለ 13 ሆነ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኋላ ሽፋን ያለው ባርኮድ ከዚያ በፊትም በ978 ይጀምር ነበርና በባርኮዱ ብቻ አትፍረዱ። የምታዩት ውስጥ ገጹ ላይ የተጻፈውን ነው። ብዙ የአሜሪካ አሳታሚዎች ደግሞ ከ10 ወደ 1 የሚወርድ የቁጥር መስመር ያስቀምጣሉ። ከቁጥሮቹ ትንሹ 1 ከሆነ የመጀመሪያው ኅትመት ነው፤ 4 ከሆነ አራተኛው ነው። ሁሉም አሳታሚ ግን ይህን አይጠቀምም። ሻጩ የዚያን ገጽ ፎቶ አልልክም ካለ እዚያው ተዉት። እውነተኛ ነጋዴ ሳይጠየቅ ነው የሚልከው።

የፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ የካርቲየ ብሬሶን «ዘ ዲሳይሲቭ ሞመንት»ም ላይ ተጠንቀቁ። የ1952ቱ እትም የሠዓሊው የማቲስ ሥዕል ሽፋኑ ላይ ያለው ውድ መጽሐፍ ነው። ሽታይድል በ2014 ያንኑ አስመስሎ እንደገና አተመው። ሲያትመው ከሣጥንና ከተጨማሪ ቡክሌት ጋር ነበር፤ አሳታሚው ምንም አላጭበረበረም። ሣጥኑና ቡክሌቱ ከተወሰዱ ግን ኦሪጅናሉን አይቶ ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ በቀላሉ አይታይም። ፊርማም እየታከለበት ይሸጣል። ካርቲየ ብሬሶን ያረፈው በ2004 ነው። በ2014 እትም ላይ «በእጁ የፈረመው» ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ፊርማ ስላለበት ዋጋው የሚጨምር ከሆነ ደራሲው መቼ እንዳረፈ ቀድማችሁ ፈትሹ።

«ውስን እትም» የሚለውም ነገር አለ። እውነተኛ ውስን እትም ስንት እንደታተመ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም የእያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ይጻፍበታል። ይህ ሁሉ ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። የእነዚህ ሻጮች ትልቁ መሣሪያ ጥድፊያ ነው። «ሦስት ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ ዛሬ ቀብድ ካልላክህ ሄደ» ይሏችኋል። ይሂድ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በአካል ተገናኙ፣ መጽሐፉን በቀን ብርሃን አገላብጡ፣ ከዚያ ክፈሉ። ሻጩ ሌላ ከተማ ከሆነ አጠር ያለ ቪዲዮ ጠይቁ። የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ መጽሐፉ ላይ አስቀምጦ፣ ገጾቹን እየገለጠ ይቅረጸው። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ብቻ የሚልክላችሁ ሰው መጽሐፉ እጁ ላይ ላይኖር ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በፔይፓል ስትከፍሉ ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ አትላኩ። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ብዙ አጭበርባሪዎች እሱን አጥብቀው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። የመላኪያውንም ሒሳብ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የፎቶ መጽሐፍ ከባድ ስለሆነ ማጓጓዣው ብቻውን ያስደነግጣል።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 ከተጀመረ ወዲህ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች እየበዙ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ የራሱን መጽሐፍ ለማውጣት ሲያስብ ከደህና ወረቀት ዋጋ ጀምሮ እስከ ማሳተሚያው ድረስ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። በወጣ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ በግማሽ ዋጋ ሲቸበቸብ ሁለተኛ መጽሐፍ ለማውጣት ምን አቅም ይኖረዋል? የቅጂ መብት አዋጅ አለን፤ ቁጥር 410/1996 ነው፣ ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር። ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። የአገራችን ፎቶ አንሺ መጽሐፍ ሲኖር ከራሱ ወይም እሱ ከጠቆማችሁ መደብር ግዙ። ብዙዎቹ በማኅበራዊ ገጻቸው ስትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ፣ ይፈርሙላችኋልም።

ብር የላካችሁ ካላችሁ ደግሞ ሻጩን ከመሳደባችሁ በፊት ማስረጃችሁን ያዙ። ምልልሱን፣ ማስታወቂያውንና የቻናሉን ስም ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ፤ ነገ ቻናሉ ሊዘጋ፣ መልእክቱም ከሁለታችሁም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። የባንኩን ወይም የቴሌብሩን ደረሰኝ አስቀምጡ። ጥላ ያለበትን ገጽና ማኅተሙን አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ይህን ሁሉ ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ።