ባለ6 ሜትር ኪዩብ የባዮጋዝ ማብላያ ለድሬዳዋና ለሐረር ጓሮ

ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣው ይህ ጉድጓድ ለወጥ፣ ለቡናና ለሆጃ ይበቃል፤ ለእንጀራ ግን አይሆንም። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወስዳል፤ ማብላያው በደንብ ከተመገበ የቀን ምርቱ ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ምጣድ የሚፈልገውን ሰፊ እሳት አይሰጥም። ይህን ሳይነግሩ የሚሸጡ አሉ።

ግንባታው ብዙም አያስነቅፍም። ማብላያዎች የሚሞቱት ከርክክብ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ጋዙን ስለሚሠሩት ደቂቅ ተሕዋስያን ለባለቤቱ የሚነገረው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ባክቴሪያዎች እበቱን አብላልተው ወደ አሲድ፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ከዚያ አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ደቂቅ ተሕዋስያን ያንን ወስደው ሚቴን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ ያወጣሉ። አርኬያ ባክቴሪያ አይደለም፤ ይህንን ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ሚቴን ሠሪዎቹ የሚባዙት በዝግታ ነው፣ ኦክስጅን አይችሉም፣ አሲድ ሲበዛባቸው ሥራ ያቆማሉ።

ስለዚህ የምግብ ቤት ትርፍራፊ በአንዴ ከተጨመረ ባክቴሪያዎቹ አሲዱን ይቆልሉታል፣ አርኬያዎቹ አይደርሱበትም። ዝቃጩ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያመጣል፣ ነበልባሉም ይደክማል። ያኔ መመገብ አቁሞ ሳምንት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ በግማሽ መጠን መጀመር ነው። አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት እበትም ለጥቂት ቀናት ይለይ፤ የሳሙና ውሃም አይግባ።

ልኩ በቀን 45 ኪሎ ትኩስ እበት ከ45 ሊትር ውሃ ጋር ነው፤ በረት ከሚውሉ 4 ወይም 5 ከብቶች ይገኛል። ከብቱ ግጦሽ የሚውል ከሆነ ብዙው እበት ሜዳ ላይ ስለሚቀር ባለ4 ሜትር ኪዩቡን መርጦ ማስገንባት ይሻላል። ውሃ ሲያጥር ከፊሉን በከብት ሽንት መተካት ይቻላል። የጫት ገረባ ግን ለፍየሎች ይተው! እንጨታማው ክፍል ሳይፈርስ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራና ጋዙን ያፍናል።

አዲስ ጉድጓድ ሲጀመር ከሚሠራ ማብላያ ጥቂት በርሜል ዝቃጭ አምጥቶ መጨመር ጊዜ ያሳጥራል። የመጀመሪያው ጋዝ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት አይነድም፤ እሳት በሌለበት ደጅ ይለቀቅ።

በአየር ጠባይ ድሬዳዋ ትበልጣለች። አርኬያዎቹ 35 ዲግሪ ገደማ ይስማማቸዋል፤ ከ15 በታች ሲሆን ይፈዛሉ። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነው ሐረር በኅዳርና በታኅሣሥ ጋዙ መቀነሱ አይቀርም።

ከማድ ቤቱ ጭስ መጥፋቱ ለዓይንና ለሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። ዝቃጩም ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ሽንት ቤት የተያያዘበት ከሆነ ግን የወስፋት እንቁላል በዚህ ሙቀት ስለማይሞት፣ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም አይሁን። የጋዝ ቧንቧውን መገጣጠሚያዎችም በሳሙና አረፋ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ሳይነድ የሚያመልጥ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ አየሩን ያሞቃል።