ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ስትገዙ፦ የመንደር ውል ወይስ በውል አዋዋይ ፊት?

የመንደር ውል ይፈጥናል። ደላላ፣ ምስክሮችና አንድ ወረቀት ይበቃሉ፤ በዚያው ቀን ቁልፍ ትቀበላላችሁ። ጣጣው በኋላ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጩ ከካደ ወይም ወራሽ ከተነሳ ወረቀታችሁ ላያድናችሁ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ያደክማል፣ ለጠበቃም ያስከፍላል። ግን ጠበቃው ካርታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ማህደር ጋር ያመሳክራል፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ ያጣራል፤ የሻጩ የትዳር ጓደኛ መስማማቷንም ያረጋግጣል። ይቺን የመጨረሻዋን አደራ አትናቋት! የጋራ ቤት ያለ ሚስት ፊርማ ተሽጦ ገዢው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስም ሳይዛወር ደግሞ ክፍያውን አትጨርሱ።